የባለወልድ ዕለት ድንጋዮች

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ወደ ሽማግሌ እንዳልሄድ፣ ፈርደው እዚህ ያደረሱኝ ሽማግሌዎች ናቸው። ወደ ዳኛ እንዳልሄድ፣ ‹‹ምን ተበደልህ?›› ሲሉኝ ‹‹ድንጋይ ስጠብቅ ሰነበትሁ›› ብዬ መመለስ አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ ችሎቱን ማን ዝም ያሰኘዋል? በግ ጠብቄ ቢሆን ደግ። እኔ የጠበቅሁት ድንጋይ ነው፤ ያውም ጮቄ ተራራ ላይ፣ ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ለቅሞ ለቅሞ መጣያ ባጣበት አገር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ማርቆስ ተወልጄ ማርቆስ ያደግሁ፣ እዚያው ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦሎጂ የምማር ሰው ነኝ። ጂኦሎጂን እኔ አልመረጥሁትም፤ ውጤቴ ነው የመረጠልኝ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ‹‹ልጄ የወርቅ ትምህርት ነው የሚማር›› ትላለች። እስካሁን ግን ከባዛልት በቀር ያሳዩኝ ነገር የለም። ባዛልት ማለት ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። ጎጃም ውስጥ ጥቁር ድንጋይ ለማየት ይህን ያህል ዓመት መማር ያስፈልጋል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ አባቴም ጠይቆኝ አልመለስሁለትም።

አምና ልክ በመስክ ጉዞው ሳምንት ታይፎይድ ያዘኝና ቀረሁ። ጓደኞቼ ያን ጊዜ የጨረሱት ኮርስ እኔ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረና ዘንድሮ ከታናናሾቼ ጋር እንድወስደው ተደረገ። ታናናሾቼ ገና ጊዜ አላቸው፤ ቢወድቁም ይደግሙታል። እኔ ግን ይህችን አንዲት ኮርስ ካላለፍሁ ሰኔ ላይ ጋዋን የሚባል ነገር ትከሻዬ ላይ አያርፍም። አስተማሪያችን ዶክተር ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነግሮናል፤ ‹‹የድንጋይ ናሙና ያላቀረበ ቡድን ውጤት የለውም።›› ለሌላው ተማሪ ይህ ተራ ማስፈራሪያ ነው። ለኔ ድንጋይ ከሌለ ምረቃ የለም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ዶክተሩን ፊት ለፊት ‹‹እርስዎ›› ነው የምለው። እዚህ ግን ጽሑፉ የኔ ስለሆነ ‹‹አለ›› እለዋለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ደግ አደረግህ ትሉኛላችሁ።

የጉዞውን ቀን የቆረጠው እሱ ነው፤ ጥፋቱ እንዴት ዞሮ እኔ ላይ እንዳረፈ ተመልከቱ። የግቢው አውቶብስ ሐሙስ ብቻ ነፃ ነው ተባለ። በዚያ ሁሉ ሥራ መሀል ሐሙስ ለምን ነፃ ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። ዶክተሩ የጅማ ሰው ስለሆነ ወደኔ ዞረና ‹‹አንተ የአገሩ ልጅ ነህ፤ ሐሙስ የሚያሳስብ ነገር ይኖራል?›› አለኝ። እኔም ስልኬን አውጥቼ የአየር ትንበያውን አየሁ። ቢጫ ፀሐይ ተስላለች። ‹‹ምንም የለም፣ ብራ ነው›› አልሁ። ስልኬ የሚቆጥረው የፈረንጁን ቀን ነው። ሐሙስ ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ፣ ባለወልድ መሆኑን ማን ይንገረው? ለኔስ ማን ይንገረኝ? ከተማ ውስጥ በዓል የሚታወቀው እናት ቤት ጠላ ሲጠመቅ ነው፤ እኔ ደግሞ የምኖረው ዶርም ነው።

ስለ ሚያዝያ ሰማይም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክረምት ይሻላል። ክረምት ሲዘንብ ይዘንባል፣ ሰውም ዣንጥላውን ይዞ ይወጣል፣ ማንም አይታለልም። የበልግ ሰማይ ግን እምነት የሚጣልበት አይደለም። ጠዋት አናት ይበሳል፤ ሹራብህን አውልቀህ ወገብህ ላይ ስታስር ነፋሱ ይመጣል፤ መልሰህ ስትለብስ ይተዋል። ዶክተሩ ይህን ሰምቶ ስለነበር ‹‹የዝናብ ልብስም፣ ቆብም፣ ወፍራም ሹራብም ያዙ›› ብሎ አዘዘን። የኔ ቡድን አባል የሆነው የድሬዳዋው ፉአድ ግን በቲሸርትና በክፍት ጫማ መጣ። ‹‹ጋሼ፣ አንተ አይደለህ ብራ ነው ያልኸው?›› አለኝ። በዚህ ክፍል ውስጥ ስሜ ጋሼ ነው። በአንድ ዓመት ነው የምበልጣቸው።

ሮብ ገበያ ስንደርስ ከተማው ጭር ብሏል። ‹‹ገበያው ትናንት ስለነበር ነው›› ብዬ ለአውቶብሱ ሰው ሁሉ አስረዳሁ። ከተማውን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ በሬዎች ተለቀው ይግጣሉ፣ ሞፈርና ቀንበር በየአጥሩ ተደግፎ ቆሟል፣ በዚህ የእርሻ ወቅት ማሳ ላይ አንድ ሰው የለም። ይህን ሁሉ በመስኮት ያየሁት የአገሩ ልጅ ምን ብዬ እንዳሰብሁ ታውቃላችሁ? ብርድ ስለሆነ ገና አልተነሱም ብዬ። ጎጃሜ ገበሬ ፀሐይ ከወጣችም በኋላ ተኝቷል ብሎ የሚያስብ ሰው ሊመረቅ ነው እንግዲህ።

ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የተገተረ ትልቅ አለት አለ። ዶክተሩ ሲያየው ልቡ ጠፋ። አንዱ የላቫ ንጣፍ ባንዱ ላይ ተደርቦ ቁልጭ ብሎ ይታያል ብሎ ብዙ አስረዳን፤ ከዚያ በየቡድናችን መዶሻ አነሳን። ድምፁ ከተራራ ተራራ ያስተጋባል። የሰበርነውን ድንጋይ ከየት እንደተነሣ እያየን ነጭ ፕላስተር እንለጥፍና የቡድናችንን ቁጥር ጽፈን ጆንያ ውስጥ እንከታለን። እኛ ቡድን ሦስት ነን። ፉአድ ፎቶ ያነሣል፤ ሄለን የምትባል የአርባ ምንጭ ልጅ ትጽፋለች፤ የምመታው እኔ ነኝ። ለምረቃዬ ስለምመታ ከሁሉም ይልቅ የኔ መዶሻ ይሰማል።

ቅዳሴ ወጥቶ ምእመኑ ነጠላውን እንደለበሰ ቁልቁል ሲወርድ ባለበት ቆመ። ከመሀላቸው ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ወደኛ መጡ። ስማቸው አያ ታከለ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት።

‹‹እንደምን አደራችሁ ልጆች?››

‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን አደሩ?››

‹‹ምን ይዛችኋል?››

‹‹ትምህርት ነው አባባ›› አልሁ።

‹‹ትምህርቱስ መልካም። ዛሬ ባለወልድ ነው፤ ብረት ባታነሡ።››

ያኔ ነው የገባኝ። በዚህ አገር በዓል ቀን መሬት በብረት አይነካም፤ የነካ ካለ በረዶ ይወርዳል ይባላል፤ ይህን እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ዶክተሩን አየሁት። ‹‹ምን አሉ?›› አለኝ፣ ሰውየው በሌላ ቋንቋ የተናገሩ ይመስል። በዓል መሆኑን ነገርሁት። ሰዓቱን አየና ‹‹ትንሽ ነው የቀረን፤ አንተ አስረዳቸው›› አለኝ። የኔ ቡድን ጆንያ ገና ግማሽ ነው። ምረቃዬ ታየኝ። ስለዚህ አፌ እንዲህ አለ፤

‹‹አባባ፣ እኛ አፈር አልነካንም። ድንጋይ ብቻ ነው የምንመታ።››

አያ ታከለ አለቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ‹‹ድንጋዩ መሬት ላይ አይደለም እንዴ ያለው?›› አሉና ‹‹እኔስ ነግሬያችኋለሁ›› ብለው ሄዱ።

ከዚያ ስንት መዶሻ እንዳሳረፍሁ አላስታውስም። ብቻ ከጮቄ ራስ ላይ አንድ ጥቁር ደመና ተነሣ። ስልኬን አወጣሁ፤ ቢጫዋ ፀሐይ አሁንም አለች። ስልኬን ወደ ኪሴ ሳልመልስ የመጀመሪያዋ በረዶ እጄን መታችኝ። ሽምብራ ታክላለች። ቀጥሎ የመጣው ባቄላ ያክላል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ከእህል ጋር አላመሳስለውም። ፉአድ በክፍት ጫማው እየዘለለ ‹‹ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?›› ይላል፤ በሕይወቱ በረዶ ያየው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሁሉም መዶሻውን ጥሎ ሮጠ። እኔ ግን ጆንያውን ጥዬ መሮጥ አልቻልሁም። አንድ ጆንያ ድንጋይ ተሸክሜ፣ በበረዶ እየተወገርሁ፣ ዳገት ወጣሁ። የተከፈተ በር ሳይ ገባሁ። አገሩ ሁሉ በር እያለው እኛ የገባንበት የማን ቤት ሆነ? የአያ ታከለ።

‹‹ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ›› አሉን። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ሴቶቹን ጋቢ አለበሱ፣ ለፉአድ የሽማግሌውን ካልሲ አመጡ፣ ገብስ ቆሎ ቀረበ፣ ትኩስ ወተት ተቀዳ። ቆርቆሮው ስለሚጮህ ማንም ማንንም አይሰማም። አያ ታከለ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውጭ ያያሉ። ከትከሻቸው በላይ ሳይ የሚያዩት የድንች ማሳቸውን ነው። ቅጠሉ ለምልሞ ነበር። እያየነው እየተቆራረጠ ተኛ። የያዝሁትን ቆሎ መልሼ አስቀመጥሁት። ሌሎቹ ግን ያን ቆሎ ጨርሰው ድገሙን አሉ።

በረዶው ሲያባራ አገሩ ነጭ ሆኗል፣ ፀሐይም እንደገና ወጥታለች። ጎረቤቱ ተሰበሰበና ሽማግሌዎች እደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ በአንድ ጠየቁን።

‹‹አንተ ከወዴት ነህ?››

‹‹ከድሬዳዋ›› አለ ፉአድ፣ በካልሲ ብቻ ቆሞ።

‹‹እንግዳ ነው፣ አያውቅም። አንቺስ ልጄ?››

‹‹ከአርባ ምንጭ።››

‹‹እንግዳ ናት፣ አታውቅም። እርስዎስ መምህር?››

‹‹ከጅማ›› አለ ዶክተሩ። እሱም እንግዳ ሆነ። ክፍሉ በሙሉ እንግዳ ሆኖ ነፃ ወጣ። ወደኔ ዞሩ።

‹‹ከማርቆስ›› አልሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አያ ታከለ ‹‹የማን ልጅ?›› አሉ።

‹‹የአስማረ።››

‹‹የትኛው አስማረ?››

‹‹አስማረ ውበቱ።››

‹‹የሮብ ገበያው ውበቱ ልጅ? ያክስቴን ልጅ ነው የምትለኝ?›› ብድግ ብለው አቀፉኝ፣ ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ፣ ስለ አባቴ ጤና ጠየቁ፣ አያቴ ሲሞት ለቅሶ የመጡበትን በቅሎ ሳይቀር አነሡ። ‹‹የሥጋ ዘመዴ ነህ›› አሉኝ። ልቤ ረጋ። ከዚያ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡና ለሽማግሌዎቹ ‹‹እንግዲህ ጥፋተኛው ይሄው ነው›› አሉ።

እናንተዬ፣ የዚያን ጊዜ ንዴት ዛሬም አልወጣልኝም። ተነሥቼ ተከራከርሁ። ሞቃት አየር ከቆላው ተነሥቶ ተራራው ሲገፋው ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ላይ ሲደርስ እንደሚቀዘቅዝ፣ የውኃው ጠብታ እየረጋ እየከበደ በረዶ ሆኖ እንደሚወርድ በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁ። በአንደኛ ዓመት ፈተና እንዲህ ብመልስ ኖሮ ውጤቴ ሌላ ይሆን ነበር። ሽማግሌዎቹ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ስጨርስ አያ ታከለ ራሳቸውን ነቀነቁ።

‹‹እንዴት እንደሚመጣ ነገርኸን፣ ተባረክ። እኛ የምንጠይቅህ ለምን ዛሬ መጣ ብለን ነው።››

ዶክተሩ ይመልስልኝ ብዬ ዞርሁ። ዶክተሩ ቆሎ ያፍሳል።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። በበዓል ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ወደየቦታው ይመለሳል። እስከ ሥራ ቀን ድረስ አይነካም። የአገሩ ልጅ የሆነው ጥፋተኛ ተያዥ ይሆናል። በሥራ ቀን መጥቶ ቢወስድ ግን ማንም አይከለክለውም፤ ድንጋይ እንደሆነ ሞልቷል። ለካ ነገሩ ቀላል ነው ብዬ ‹‹እንግዲያው ነገ እወስዳለሁ›› አልሁ።

‹‹ነገማ የማርቆስ በዓል ነው›› አሉ አንዱ።

‹‹ከነገ ወዲያ?››

‹‹ግንቦት ልደታ።››

‹‹ከዚያስ?››

‹‹እሑድ ነዋ።››

‹‹ሰኞስ?››

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ በጣቶቹ ቆጠሩ፤ የቀረ ቅዱስ እንዳለ በልባቸው ፈለጉ። ‹‹ሰኞ ይሆናል›› አሉ በመጨረሻ፣ ቅር እያላቸው።

ድንጋዩን ይዘን ወንዙ ዳር ወረድንና እንደተነቀለ ጥርስ በየስባሪው ቦታ መልሰን መልሰን አስቀመጥነው፣ ፕላስተሩ እንደተለጠፈበት። ዶክተሩ ይህን ሁሉ ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት። ድንጋዩ ሜዳ ላይ ሲያድር ሰው ቢያነሣውስ? እንዴት ይሆናል? መልሱን ሲፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

‹‹አንተ እዚሁ ሆነህ ጠብቅ። ሰኞ የሁሉንም ቡድን ይዘህ ና። የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ላብራቶሪ ካልገባ ግን ውጤት መሙላት አልችልም።››

‹‹ዶክተር፣ ድንጋይ ነው እኮ›› አልሁት። ‹‹ናሙና ነው›› አለኝ። መንገዱ ሳይጨቀይ እንውጣ ብሎ ሁሉንም አውቶብስ ውስጥ ከተተ። መዶሻዎቹንም ጭኖ ሄደ። ፉአድ በአያ ታከለ ካልሲ በመስኮት እጁን አወዛወዘልኝ። ጋሼ መባል ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዓርብ፣ ማርቆስ። ሰማዩ ቁራጭ ደመና አልያዘም። ትናንት በረዶ የጣለ ሰማይ ዛሬ ጥርሱን አሳየኝ። ካደርሁበት ከአያ ታከለ ቤት ወንዙ ዳር ወርጄ ድንጋዮቹን ቆጠርሁና ተቀመጥሁ። ወሬው አገር አዳርሷል። መንገደኛ ሁሉ ቆም ይላል።

‹‹አንተ ነህ ጠባቂው?››

‹‹አዎ።››

‹‹ደኅና አደሩ?››

‹‹ደኅና ናቸው›› እላለሁ። ምን ልበል? የድንጋይ ጤና ተጠይቄ የመለስሁ የመጀመሪያው የቤተሰባችን አባል እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልሁ። ታዝንልኛለች ብዬ ነው። ‹‹በባለወልድ ድንጋይ ስትመታ ነበር?›› አለችኝ። ‹‹ትምህርት ነው እማዬ›› አልሁ። ‹‹ደግ አደረጉ። ያሳደገህ የለም እንዴ ይሉኛል አሁን?›› አለች። የማርቆስ ዕለት ከቤቷ መቅረቴ ሌላ ጥፋት ሆኖ ተጨመረብኝ። ከዚያ ‹‹አያ ታከለን እስቲ አቅርብልኝ›› አለችና ወርጄ ጠርቼ አመጣኋቸው። ሁለቱ ስለ ሞቱትም ስለ ተጋቡትም ዘመዶች አንድ በአንድ ሲጨዋወቱ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። አያ ታከለ የጠፋውን ስልክ እየመለሱልኝ ‹‹ደግ ሴት ናት፤ አንተን አጥብቀው ይያዙልኝ ብላኛለች›› አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ልደታ። ልደታ ንፍሮ ከቤት ውጭ ተቀቅሎ ጎረቤት ሁሉ ሰብሰብ ብሎ የሚበላበት ቀን ነው። እኔም ተጠራሁ። ከወንዙ ከፍ ብሎ ካለው መስክ ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል፣ ስንዴው ከባቄላው ተቀላቅሎ ይንተከተካል። በቅጠል ተደርጎ ተሰጠኝ። ጥሩ ነበር፤ ደገምሁም። ሦስተኛውን ስቀበል ዓይኔ ከድስቱ በታች ወደ ጉልቻው ሄደ። ጉልቻው ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ጎንበስ አልሁ። በእሳት የተኮማተረ ፕላስተር ነው። ‹‹ቡድን 3›› ይላል።

ጮኽሁ። ንፍሮው እጄ ላይ እንዳለ ነው የጮኽሁት።

‹‹እትዬ ጥሩነሽ፣ ይህ ድንጋይ እኮ...››

‹‹ምነው ልጄ? አነሣነው እንጂ መች መታነው?›› አሉ፣ ንፍሮውን እያማሰሉ።

ወደ አያ ታከለ ሮጥሁ። ሐሳቤን ሁሉ አፈሰስሁላቸው። አይነካም ብላችሁ ፈርዳችሁ፣ እኔን ተያዥ አድርጋችሁ፣ ያው ድንጋይ እሳት ላይ ተጣደ አልሁ። እሳቸው ረጋ ብለው አሰቡበት።

‹‹ማንሣት ሥራ አይደለም። ደግሞም ጠባቂው አንተ ነህ። ሲያነሡት የት ነበርህ?››

የት እንደነበርሁ ታውቃላችሁ። እዚያው ቅጠል ይዤ ተቀምጬ ንፍሮው እስኪበስል እጠብቅ ነበር። ዘወር ብዬ ከአንድ ካብ ጀርባ ተቀመጥሁና በንዴት አለቀስሁ። ሰው በሐዘን ቢያለቅስ ያጽናኑታል፤ በድንጋይ ምክንያት ያለቀሰን ሰው ግን ምን ብሎ ያጽናናል? ምረቃዬ የባቄላ ንፍሮ እንደተቀቀለበት ለማን ይነገራል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ታከለን ድንች ማሳቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ሥራ አይሠሩም፣ ቆመዋል። አንዷን አገዳ በከዘራቸው ጫፍ ቀና ያደርጓታል፣ መልሳ ትተኛለች። ስለ ድንቹ እስከዚያ ቀን አንድ ቃል አልነገሩኝም። ቢቆጡኝ እኔም እቆጣ ነበር፤ ሁለታችንም ይወጣልን ነበር። ‹‹አያ፣ ድንቹ ተጎዳ?›› አልሁ። ‹‹ሥሩ ደኅና ነው፤ እንደገና ያቆጠቁጣል›› አሉና ‹‹ነገ በማለዳ ቀስቅሰኝ›› አሉኝ። በእሳቸው ላይ የያዝሁትን ቂም እዚያው ማሳ ላይ ተውሁት። በዶክተሩ ላይ የያዝሁትን ግን አልተውሁም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አያ ታከለ ማረሻ የሚቀጠቅጡበትን መዶሻ ይዘው አብረውኝ ወረዱ። በሬዎቻቸውን ሳይጠምዱ ነው የመጡት። ‹‹ዘወር በል እስቲ›› አሉና መዶሻውን የቻሉትን ያህል ከፍ አድርገው አለቱን መቱት። ይህን ያህል ቀን ሲከለክሉኝ የነበሩ ሰው እንዲህ በደስታ ይመታሉ ብዬ አልገመትሁም። ‹‹ይሄስ ይሁን? ይሄኛው አይሻልም?›› እያሉ ከምፈልገው በላይ ሰበሩልኝ። ለሁሉም ቡድን ሞላሁ። ለቡድን ሦስት አዲስ መታን። ምናልባት ብዬ የተቃጠለውንም ጨመርሁ። ጆንያውን አህያ ላይ ጭነን ሮብ ገበያ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። አያ ታከለ ‹‹ለእርሻው ጥሩ ነው›› ብለው ስመውኝ ተመለሱ።

የሚኒባሱ ረዳት ጆንያውን ለማንሣት ሞከረና ተወው። ‹‹ምንድን ነው?›› አለኝ።

‹‹ድንጋይ።››

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ‹‹ለድንጋይ ቦታ የለንም፤ ማርቆስ ድንጋይ ጠፋ?›› አለ ረዳቱ። አውራ ጎዳናው ላይ በዝናብ ከጆንያዬ ጋር ቆሜ ሰዓቱ ሲሄድብኝ አስቡት። ያኔ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

‹‹ልጄ፣ የንስሐ ነው?››

ድንጋይ ተሸክሞ ንስሐውን የሚፈጽም ሰው እንዳለ ታውቃላችሁ። ፊቴን አሰብሁት፤ ያልተላጨ፣ በብርድ የጠቆረ፣ ያለቀሰ። በባለወልድ ብረት ማንሣቴንም አሰብሁ። ‹‹አዎ እናቴ›› አልሁ፤ ስናገረው እንደ ውሸት አልሰማኝም። ‹‹ጫንለት›› አሉ ለረዳቱ፣ ‹‹በሰው ንስሐ መሀል አትግባ።›› ጆንያዬ ተጫነ። እስከ ማርቆስ ድረስ ሰው ሁሉ ቦታ ሲለቅልኝ፣ አንዱም ‹‹በጸሎትህ አስበኝ›› ሲለኝ መጣሁ።

ላብራቶሪ የደረስሁት ዶክተሩ በሩን ሊቆልፍ ቁልፍ ይዞ ሲቆም ነው። ታናናሾቼ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ታጥበዋል፣ ተላጭተዋል፣ ሳምቡሳ ይበላሉ። ጆንያውን ዘረገፍሁት። ዶክተሩ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ እያነሣ ‹‹ይህ ከየት ነው?›› ይለኛል፤ እኔ እመልሳለሁ። ያን አለት ያን ያህል ቀን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜም እስለዋለሁ። የትኛው ንጣፍ ከየትኛው በላይ እንደሆነ፣ ውኃ የት ጋ እንደሚንጠባጠብበት፣ ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የት እንደምታርፍበት ሳይቀር ተናገርሁ። የዶክተሩ ፊት እየፈካ መጣ። በመጨረሻ የተቃጠለውን አነሣና አሸተተው። ‹‹ይህስ?›› አለ። ‹‹ልደታ›› አልሁ። አስቀመጠው፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

‹‹በዚህ ኮርስ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም›› አለ። ‹‹ቡድን ሦስት፣ ኤ።››

ፉአድ ዘሎ አቀፈኝ። ሄለን አጨበጨበች። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ሰኔ ታየኝ፤ እናቴ በአዲስ ቀሚስ፣ አባቴ በውሰት ኮት።

‹‹አንተን በተመለከተ ግን›› አለ ዶክተሩ ኮምፒውተሩን እያየ፣ ‹‹ዓርብ ዕለት ክፍል አልገባህም። ትምህርት ነበረን፤ ተማሪው ሁሉ ተገኝቷል። የቀረ ተማሪ ውጤቱ ዝቅ ይላል።››

ጆሮዬን ተጠራጠርሁ። ‹‹ዶክተር፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ጠብቅ ብለው እዚያ የተዉኝ? ዓርብ እኮ ስጠብቅ ነበርሁ›› አልሁ።

‹‹አውቃለሁ›› አለ በትሕትና። ‹‹የጠበቅኸው ለቡድኑ ነው፤ ለቡድኑ ተይዞለታል። የቀረኸው ግን ራስህ ነህ።››

ከዚያ ከስሜ ትይዩ ቢ ብሎ ሞላና እጁን ዘረጋልኝ፤ ‹‹እንኳን ለምረቃህ አደረሰህ›› አለኝ።